ወደ ደራ መንገድ፤ ስለ አንድ ቀበሮና ስለ አንዲት ጥይት

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደውን መንገድ ብዙዎቻችሁ በሥራ ምክንያት ታውቁታላችሁ። ታውቁታላችሁ ማለቴ በመኪና መስኮት እያያችሁ ታልፉታላችሁ ማለቴ ነው እንጂ ወርዳችሁ አድራችሁበታል ማለቴ አይደለም። እኔም በፍርድ ቤት ጸሐፊነቴ መዝገብ ተሸክሜ ስመላለስበት ብዙ ዓመት እንደ እናንተው አላፊ መንገደኛ ነበርሁ። በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር ግን የአሰላው ጉዳዬ ካሰብሁት ቀን ቀድሞ ስላለቀልኝ፣ ስመለስ ከደራ ላይ ወርጄ በአጎቴ ልጅ ቤት ስድስት ቀን ተቀመጥሁ። በእነዚያ ቀኖች ያየሁትን በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ለመጻፍ የደፈርሁት፣ ነገሩ የአደን ወሬ ቢመስልም የሁለት ልጆች ነፍስ ጉዳይ ስለ ነበረበት ነው።

አዳማን ዛሬም ናዝሬት እያሉ የሚጠሯት ሽማግሌዎች አልጠፉም። ከእርስዋ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው በመልካሳ ዘንድ የአዋሽን ወንዝ ይሻገራል፤ ስለ ቦሎቄና ስለ ደረቅ አገር ማሽላ የሚመረመርበትን የእርሻ ምርምር ማዕከልም በዚያው ያያል፤ ወደ ሶደሬ ፍል ውሃ የሚገነጠለውን መንገድ በስተ ግራው ትቶ ይቀጥላል። ከዚያ ወዲያ ምድሪቱ መልኳን ትለውጣለች። ጥንት እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ እንደ ተበተነ መንጋ በሜዳው ላይ ተዘርቶ ይታያል፤ በድንጋዩ መካከል ግራር፣ ከግራሩ ወዲያ የጤፍና የበቈሎ ማሳ፣ በማሳው ዳር የእሾህ አጥር አለ። በስተ ሰሜን የቦሰት ተራራ ጫፉን አሹሎ ቆሟል፤ በስተ ደቡብ ደግሞ ከ4000 ሜትር በላይ የሚደርሰው ጭላሎ ጠዋት ጠዋት ደመና ተከናንቦ ይታያል። ደራ በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ በአርሲ በዶዶታ ወረዳ፣ ነጋዴው፣ ገበሬውና ከብት አርቢው በአንድ ገበያ የሚገናኙባት ከተማ ናት። በበጋ አቧራዋ ብዙ ነው፤ ቡናዋ ግን ከአቧራው ጋራ እንኳ መልካም ነው።

ከከተማይቱ ወጣ ሲሉ ድልፈቃር የሚባለው የአራዊት መጠበቂያ ስፍራ ይገኛል፤ ዋና ጌጡም አጋዘን ነው። ቀበሮ ግን መጠበቂያ አያስፈልገኝም ያለ ይመስል በየሰው ደጅ ይዞራል። በዚያ አገር የሚታየው ቀበሮ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ጠጕር በጀርባው ላይ እንደ ኮርቻ ልብስ የተነጠፈለት ባለ ጥቁር ጀርባው ነው። ሁለተኛው መላ አካሉ ወደ አመድማ ቢጫ የሚያደላው ነው፤ ይህንንም የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ከእስያው ቀበሮ ጋራ አንድ ሲያደርጉት ኖረው በ2007 ዓ.ም. ዘሩን መርምረው የአፍሪካው ለብቻው የሆነ፣ ወደ ተኩላ የቀረበ ወገን ነው አሉ። ሦስተኛም አለ፤ እርሱ ግን ወደ ቈላ አይወርድም። ከ3000 ሜትር በላይ በአርሲ፣ በባሌና በሌሎች የአገራችን ደጋዎች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ነው። በኦሮምኛ ጄዳላ ፈርዳ፣ ማለት የፈረስ ቀበሮ ይሉታል። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አይገኝም፤ ያደጉት ተቈጥረው 500 ስለማይሞሉም በሕግ የተጠበቀ ነው። ከደራ ሽቅብ ወደ ጭላሎ የሚወጣ ሰው በአንድ ቀን ከአንደኛው ወገን አገር ወደ ሌላው አገር ይደርሳልና፣ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ከሁሉ አስቀድሞ በፊቱ የቆመው ማን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ አለበት።

በቀድሞው ዘመን አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ሰው ይፎክራል፤ ይዘፈንለታል፤ ይሸለማል። ቀበሮ የገደለ ሰው ግን ጠመንጃውን ከግድግዳው ላይ ሰቅሎ እራቱን ይበላል። ስለዚህ ቀበሮን የት ላይ መምታት እንደሚገባ አስቦ ያስተማረ ሰው እምብዛም አልገጠመኝም ነበር። በደራ ገጠመኝ።

እኔ በደረስሁ ማግሥት፣ ማክሰኞ ከጧቱ በሦስት ሰዓት፣ ፀሐይ በሚገባ ከወጣች በኋላ አንድ ባለ ጥቁር ጀርባ ቀበሮ ከግራሩ ውስጥ ወጥቶ በሰፈሩ መካከል እያዘገመ አለፈ። ጅራቱን ይጐትታል፤ ከአፉ ለሃጭ ይዝረበረባል፤ ውሻ ቢጮኽበት አይሸሽም፤ የአጥሩን እንጨት እንደ አጥንት ይነክሳል። ጤነኛ ቀበሮም ሰፈር የለመደ እንደ ሆነ በቀን ይታያልና በቀን መታየቱ ብቻ ምልክት አይሆንም፤ ይህ ግን ሰውን የማያይ፣ ቢያይም የማይፈራ ነበር። ከዘመዴ ጐረቤት የሰባት ዓመት ልጅ የቡና አተላ ልትደፋ ብትወጣ ባቷን ነክሷት አለፈ። ከሜዳው ደርሶም ሁለት ፍየሎች ነከሰ፤ ከዚያም ወደ ድንጋያማው ቦረቦር ገባ።

ጩኸቱ በበረታ ጊዜ ከሁላችን ይልቅ ልብ ያላት የቀበሌው የጤና ሠራተኛ ሆነች። ገና ከሃያ አምስት ዓመት የማትበልጥ ሴት ናት። አንዱ ቍስሉ ላይ በርበሬ እንነስንስበት፣ አንዱ በእሳት እንተኵሰው ሲል ሁሉንም ገፍታ፣ የልጅቱን እግር በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ሩብ ሰዓት ሙሉ አጠበችው። ያን ዕለቱን እናትና ልጅ ወደ አዳማ ወርደው የመጀመሪያው መርፌ ተወጋች። ይህን በዝርዝር መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይታይ በጊዜው የተጀመረ ክትባት ግን ያድናል። የነከሰው እንስሳ እስኪያዝና እስኪመረመር ድረስ መርፌውን የሚያቆይ አባት በልጁ ዕድሜ ይጫወታል።

አሁን ወደ ጠመንጃው ልምጣ። የልጅቱ እናት ወንድም በአገሩ የታወቀ ዐላሚ ነው፤ ዕድሜው ከስልሳ አልፏል። ከአባቱ የወረሰው፣ በመዝገብ የተመዘገበ አንድ አሮጌ ምንሽር አለው። አባቱ ከዚያ በፊት የያዘው ውጅግራ ነበር ይላል። ውጅግራ የምንለው በ1874 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር የወጣው የፈረንሳዮች የግራ ጠመንጃ ነው፤ በአድዋ ጊዜ ብዙ ወታደር ይዞት ነበር። አንዲት ጥይት ብቻ ይጐርሳል፤ እርሳሱ 25 ግራም የሚመዝን ከባድ ነው፤ በጥቁር ባሩድ ስለሚተኰስም ጢሱ ዓይንን ጋርዶ የተመታውንና የሳተውን አያሳይም። በዚህ መሣሪያ ያደገ ሰው ሁለተኛ ጥይት አለችኝ ብሎ አይተኩስም። ሽማግሌውም ይህን ትምህርት ከአባቱ ይዞ፣ አምስት ጥይት በሚጐርስ ጠመንጃ እንኳ አንዲት ብቻ ይጨምራል። ኵራቱ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሁልጊዜ የሚመታው ግንባር ላይ ነው።

ዱር አውሬ ያለ ፈቃድ ማደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ ስለ ሆነ የቀበሌው ሽማግሌዎች ረቡዕ ጠዋት ወደ ወረዳው አመለከቱ፤ ከቀትር በኋላም አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም የጽሑፍ ፈቃድ ይዞ መጣ። በዘመዴ ቤት ቡና ሲፈላ ሁለቱ ተገናኙ። ሽማግሌው ጠመንጃውን በጭኑ ላይ አጋድሞ እየወለወለ፣

«ነገ በዚህ ሰዓት ግንባሩ ተበትኖ ታየዋለህ» አለው።

ሐኪሙ ሲኒውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ እባክዎ ራሱን እንዳይመቱብኝ። በሽታው የሚመረመረው ከአንጐሉ ነው። ራሱ ከተበተነ ወደ አዲስ አበባ የምልከው ነገር አይኖረኝም።»

«ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ከግንባር በቀር መትቼ አላውቅም። ይህ የእኅቴን ልጅ የነከሰ አውሬ ነው። ደግሞ ልጅቱ መርፌዋን ጀምራለች፤ የአውሬው አንጐል ለማን ይጠቅማል?»

«ማንን እንደ ነካ ሁሉን አናውቅምና ጋሼ።»

ሽማግሌው መልስ አልሰጠም። ጨርቁን በአፈ ሙዙ ላይ ደጋግሞ አሸ። በቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ዝም አልን፤ ሽማግሌ በተቈጣበት ቤት ቀድሞ የሚናገር የለምና። እኔ ግን እንግዳ በመሆኔ የሚፈቀድልኝን ድፍረት ይዤ የራሴን ኀጢአት ተናገርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1991 ዓ.ም.፣ ሃያ ዓመት ሲሆነኝ፣ በምንጃር ከዘመድ ቤት ሳለሁ በውሰት ጠመንጃ አንድ ቀበሮ ተኰስሁ። ርቀቱን አልገመትሁም፤ ማለሜንም ቆሜ እንጂ ተደግፌ አልነበረም፤ ደግሞም ቀበሮው ይሄድ ነበር። ጥይቱ ሆዱን መታው። እየተጐተተ ከእሾህ ውስጥ ገባና አጣነው። ሌሊቱን ሁሉ ድምፁን ሰማሁ። ውሾች ያገኙት በሦስተኛው ቀን ነው። የቤቱ ጌታ ያለኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ሆድ የሚመታ ሰው ባይተኩስ ይሻለዋል» አለኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የአውሬ አካል ሥዕል ስንገለብጥ ስለ ልብና ስለ ሳንባ ቦታ መምህራችን የነገሩን ሁሉ ለምን እንደ ሆነ ገባኝ።

ይህን ስናገር ሽማግሌው ቀና ብሎ አየኝና ሣቀ፤ ከሣቀ በኋላም ተናገረ። ከእርሱ የሰማሁትንና ከሐኪሙ የተማርሁትን እዚህ ላይ ላስቀምጥ። የቀበሮ ራስ ትልቅ መስሎ የሚታየው በጆሮው ነው፤ አንጐሉ ከአንድ ሎሚ እምብዛም አይበልጥም፤ ራሱንም ከማንኛውም አካሉ ይልቅ ያለ ዕረፍት ያንቀሳቅሳል። ጥይቱ ሁለት ጣት ዝቅ ያለ እንደ ሆነ መንጋጋውን ይሰብርና አውሬው በረኃብ እስኪሞት ይዞራል። ልብና ሳንባው ያሉበት ደረት ግን የአንድ ሰው መዳፍ ያህል ስፋት አለው፤ ከራሱ ይልቅም ጸጥ ብሎ ይቆማል። ቀበሮው ጐኑን ሰጥቶ ሲቆም ዓይን የፊት እግሩን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፤ ከክንዱ ኋላ ጥቂት ጣት፣ ከደረቱ ሥር ሲሶ ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል፤ መዳፉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ወደ ኋላ አግድሞ የዞረ እንደ ሆነ ጥይቱ በወዲያኛው ትከሻ እንዲወጣ አስቦ ከመግቢያው ወደ ኋላ ማለት ይገባል። ፊት ለፊት ሲቆም በአንገቱና በደረቱ መጋጠሚያ ነው፤ ነገር ግን ያ ጠባብ በር ነው፤ የሚችል ሰው ጐኑን እስኪሰጥ ይጠብቃል። የሚሮጥ ቀበሮ ላይ አይተኰስም። በአሜሪካ አገር ኮዮቴ የሚባል የእኛን ቀበሮ የሚመስል፣ ከእርሱ ግን ከፍ ያለ አውሬ አለ፤ በዚያም አገር አዳኞች ራስ ወይስ ደረት እያሉ ሲከራከሩ ይኖራሉ። ክርክሩ በደራ በአንድ ሲኒ ቡና አለቀ። ሽማግሌው ጠመንጃውን ወደ ግድግዳው አስደግፎ፣ «እሺ፤ ራሱን ለአንተ ተውሁልህ» አለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን አንድ ነገር ላሳያችሁ ብሎ ወደ ቦረቦሩ ወሰደን። በአፈር ግድግዳው ላይ የተሰበረ ምጣድ ስባሪ አቆመ፤ መካከሉንም በከሰል በመዳፉ ልክ አጠቈረው። በ80 እርምጃ ርቀት ተኝቶ፣ ጠመንጃውን በአቧራ በተሞላ ከረጢት ላይ አስደግፎ ሁለት ጊዜ ተኰሰ። ሁለቱም ከጥቁሩ ወደ ግራ አንድ መዳፍ ያህል ርቀው፣ ጐን ለጐን አረፉ። ሐኪሙ ሽማግሌው ዓይኑ ደክሟል ብሎ ያሰበ ይመስለኛል፤ ፊቱ ላይ ታየበት። ሽማግሌው ግን ደስ አለው። ሁለቱ ጥይቶች በአንድ ስፍራ መግባታቸው እጁና ዓይኑ ደህና መሆናቸውን፣ ያጠፋው መሣሪያው መሆኑን ያሳያልና። ከጥቂት ወር በፊት ጠመንጃው ከግድግዳው ወድቆ ነበር፤ የፊቱ ማነጣጠሪያ በዚያን ጊዜ ተገፍቷል። ጥይቱ ወደ ግራ ሲሄድ የፊቱ ማነጣጠሪያ የሚገፋው ወደዚያው ወደ ግራ ነው፤ ለጀማሪ ተገላቢጦሽ ይመስለዋል። በትንሽ መዶሻ፣ በመዳብ ቍራጭ ላይ፣ እጅግ በቀስታ ቸከቸከው። ሦስተኛይቱ ጥይት ከጥቁሩ ላይ አረፈች። በ80 እርምጃ አንድ መዳፍ የሳተ መሣሪያ በ160 እርምጃ ሁለት መዳፍ ይስታል፤ ሳይፈትን ቢወጣ ኖሮ የዚያን ቀበሮ ሆድ ወይም አየሩን ይመታ ነበር። ሦስት ጥይት አጠፋህ ያለው ሰው ነበር፤ ሽማግሌው ቀለሆቹን ለቅሞ ኪሱ ከመክተት በቀር አልመለሰለትም።

ሐሙስ ጠዋት ገና ሳይነጋ ሦስታችን ከቦረቦሩ አፋፍ ከድንጋይ ኋላ ተቀመጥን። ብርዱ የደጋ ብርድ ይመስል ነበር። ነፋሱ ከቦረቦሩ ወደ እኛ ይነፍሳል። አንድ ሰዓት ሲሆን ቀበሮው ከግራሩ ሥር ወጣ፤ ከእኛ 60 እርምጃ አይርቅም ነበር። ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ቆመ። ሽማግሌው ምንሽሩን ከትከሻው አገናኘ፤ እኔም ትንፋሼን ያዝሁ። ነገር ግን ጣቱን ከምላጩ አንሥቶ አፈ ሙዙን ዝቅ አደረገ። ለምን እንደ ሆነ አልገባኝም ነበር፤ ኋላ አየሁ። ከቀበሮው ኋላ፣ ራቅ ብሎ በመንገዱ ላይ፣ አንዲት ሴት ውሃ የጫኑ ሁለት አህዮች ትነዳለች።

የእንደዚህ ያለ ጠመንጃ ጥይት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ደግሞ የደራ ምድር ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጥይት ከድንጋይ ተጋጭቶ ወደ የት እንደሚዞር የሚያውቅ የለም። እኔ በፍርድ ቤት «ከርከሮ መስሎኝ ነው»፣ «ከኋላው ሰው አላየሁም» የሚል የተከሳሽ ቃል ጽፌአለሁ። እንዲህ የሚሉት ብዙ ጊዜ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ግን በቸልተኝነት ለጠፋ ነፍስ መስሎኝ ማለትን በቂ መልስ አያደርገውም። ከተጻፈው ቃል ይልቅ የሟች እናት በችሎቱ አግዳሚ ላይ መቀመጧን አልረሳም። ስለዚህ ሽማግሌው ጠመንጃውን ዝቅ ሲያደርግ ከዚያ በኋላ ካሳየው ዐላሚነት ሁሉ ይልቅ ያ ደስ አሰኘኝ።

ቀበሮው ሴቲቱን አላያትም። ተቀመጠ፤ አየሩን እንደ ዝንብ ነከሰ፤ ተነሥቶም ወደ ቦረቦሩ ውስጥ እያዘገመ ወረደ። ከአፈሩ ግድግዳ ፊት ለፊት ደርሶ ጐኑን ሰጥቶ ቆመ፤ የግራ እግሩም ወደ ፊት ተዘርግቶ ነበር። ከኋላው አፈር ብቻ ነበረ። ሽማግሌው ግማሹን ትንፋሹን አስወጥቶ ግማሹን ያዘ። ምላጩ መቼ እንደ ተሳበ እኔ አላየሁም።

ቀበሮው ወደ ላይ ዘለለ፤ ከዚያም ሮጠ። እውነቱን ለመናገር በሙሉ ኀይሉ ነው የሮጠው፤ ሽማግሌውም ፊቱ ጠቈረ። «ሳትሁት! ግንባሩን ብዬው ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ሊነሣ ሲል ሐኪሙ ክንዱን ያዘ። ልቡን የተመታ አውሬ በአካሉ የቀረው ደም እስኪያልቅ ድረስ ሠላሳና አርባ እርምጃ ሊሮጥ ይችላል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሳትሁ ብሎ በችኰላ ሁለተኛ ይተኩሳል፤ ወይም ተስፋ ቈርጦ ይሄዳል፤ ወይም ሮጦ ይደርስበትና ገና ሕይወት ካለው አፍ ይነከሳል። ሐኪሙ ሰዓቱን እያየ አሥር ደቂቃ አስቀመጠን። አሥር ደቂቃ ቀላል ነገር ነው የሚል ካለ ከተቈጣ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጦ ይሞክረው።

ሠላሳ ሁለት እርምጃ ቈጠርሁ። ከቍጥቋጦ ሥር ወድቆ ነበር። ሐኪሙ በረጅም ዱላ ዓይኑን ነካ፤ አልተንቀሳቀሰም። ጥይቱ የገባው ከክንዱ ኋላ፣ በከሰል በተጠቈረው መዳፍ መካከል ነው ማለት ይቻላል። ራሱ ሙሉ ነበር። ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ፣ አፍና አፍንጫውንም ሸፍኖ፣ ራሱን ለይቶ በላስቲክ ጠቅልሎ በረዶ በተሞላ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠ፤ እኛንም ከነፋሱ በላይ እንጂ በታች እንዳንቆም አዘዘን። ቀሪው አካል በጥልቅ ጕድጓድ ተቀበረ። ሣጥኑ ያን ዕለቱን በአዳማ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ለሐኪሙ ስልክ ተደወለ። በሽታው ተገኝቶበታል።

ልጅቱ መርፌዋን ጀምራለችና ለእርስዋ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ወሬው ርግጠኛ ከሆነ በኋላ የጤና ሠራተኛይቱ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በአንድ ዋርካ ሥር ሰብስባ፣ አውሬውን ወይም የተነከሱትን ፍየሎች የነካ ማን ነው ብላ አንድ በአንድ ጠየቀች። ቀድሞም ጠይቃ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን «ሊሆን ይችላል» ብላ ነበር፤ አሁን «ነው» አለች። በኋለኛው ረድፍ የቆመ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት እረኛ አለቀሰ። የፍየሎቹ ጠባቂ እርሱ ነበር። ማክሰኞ ዕለት አንዲቱን ፍየል ከቀበሮው አፍ በእጁ አላቅቆ አስጥሏት ነበር፤ እጁም በእሾህ የተቧጠጠ ነበር፤ ለሃጩም ነክቶታል። ያልተናገረው ፍየሎቹ ሲነከሱ የት ነበርህ ተብሎ ከደመወዙ እንዳይቈረጥበት ፈርቶ ነው። ሽማግሌው ወደ ልጁ ሄዶ እጁን ገልብጦ አየውና፣ ለፍየሎቹ ጌታ፣ «ስለ ፍየሎቹ ከእኔ ጋራ ትነጋገራለህ» አለው። ለሐኪሙ ግን ምንም አላለውም፤ ጠመንጃውን ሲወለውል የጠየቀውን ጥያቄ ሁለቱም እንዳልረሱት ግን ዓይናቸው ይናገር ነበር። ልጁ ቅዳሜ ጠዋት ወደ አዳማ ወረደ።

የፍየሎቹ ጌታ አርዶ ሊሸጣቸው አስቦ ነበር፤ ተከልክሎ ተገድለው ተቀበሩ። በቀጠለው ሳምንት የሰፈሩ ውሾች ተከተቡ። ይህም የደራን ሰው ብቻ የሚጠቅም ሥራ አይደለም፤ ይህ በሽታ ወደ ደጋው የሚወጣው በውሾች ነውና። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ተላልፎ ብዙዎቹን ፈጅቷል፤ የተረፉትን ለማዳን ቀይ ቀበሮዎቹን ራሳቸውን እያጠመዱ መከተብ አስፈልጎ ነበር።

የመርፌው ሥርዓት በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያም በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን ነው። ሁለቱ ልጆች በየቀጠሯቸው ወርደው ጨረሱት። እኔም በሚያዝያ ወር ሌላ መዝገብ ይዤ ወደ አሰላ ስወጣ በደራ ወረድሁና ደኅና ሆነው አየኋቸው። እረኛው ሌሎች ፍየሎች ይጠብቃል።

ሽማግሌውን ያገኘሁት በበሩ ደጃፍ ነው። በሳንቃው ላይ በከሰል ሦስት ቀበሮዎች ሥሏል፤ አንዱ ጐኑን የሰጠ፣ አንዱ አግድሞ የዞረ፣ አንዱ ፊት ለፊት የቆመ። ሥዕሉ የፍየል ይመስላል፤ አልነገርሁትም። የሰፈሩ ጐረምሶች በዱላ ጫፍ ቦታውን እንዲያመለክቱ ተራ በተራ ይጠይቃቸዋል፤ ጥይት አይባክንም። እኔን ሲያይ ዱላውን ሰጠኝና አግድሞ ወደ ዞረው አመለከተኝ። አስቤ፣ ጫፉን አሳረፍሁ። ሽማግሌው ዝም ብሎ ዱላውን ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ገፋው፤ ቀጥሎም ቡና እንዲፈላ ወደ ቤት ተጣራ።